ከጠርሙሱ የወጣው ቫይታሚን

የተጻፈ ነገር ሳላነብ አላልፍም። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ስለሆነ ይሆናል፤ የጨው እሽግ እንኳ ጀርባውን ሳላይ አልከፍትም። ያን ሐምሌ ግን የእህቴን ቫይታሚን ጽሑፍ ካለበት ጠርሙስ አውጥቼ ላስቲክ ውስጥ የጨመርኩት እኔው ነኝ።

ታላቅ እህቴ አዲስ አበባ ነው ያለችው። ሐኪም ቫይታሚን ዲ አዘዘላት፤ ኪኒን መዋጥ ግን አይሆንላትም፣ ጉሮሮዋ ላይ ይቆማል። ስለዚህ እንደ ከረሜላ የሚታኘከውን፣ እዚህ አሜሪካ ጋሚ የሚሉትን ሦስት ጠርሙስ ገዛሁላት። የሚያደርሱልኝ ብሌንደን በሚባለው ሰፈራችን ከእኛ ፎቅ በላይ የሚኖሩ፣ ሪከንባከር የዕቃ መጋዘን የሚሠሩ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ ጋሼ ናቸው። "ሁለት ኪሎ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም" ብለውኛል። ጠርሙስ ደግሞ ኪሎ ይበላል። ሦስቱንም ገልብጬ አንድ ላስቲክ ውስጥ አደረግኩና ከጫማና ከሹራብ ጋር መኪናዬ ኋላ ጫንኩት። ጋሼ በረራቸውን ሁለት ሳምንት አራዘሙ። ዕቃውም እዚያው ፀሐይ ላይ ከረመ።

ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ላስቲኩን ሳወጣ ያ ሁሉ ፍሬ አንድ ጡብ ሆኗል። ቀዩና ቢጫው ተደባልቋል፣ ላስቲኩን ከውስጥ አልቦታል፣ ጠርዙ ላይ ነጭ ነገር ጣል ጣል ብሎበታል።

"በቢላዋ ቆራርጣ ትበላዋለቻ!" አሉ ጋሼ በጣታቸው እየተጫኑት። "ስኳር አይደል?"

"ተበላሽቶ ቢሆንስ?"

"እስቲ እኔ ልቅመስልሽ።"

"ይተዉት ጋሼ!" ነጠቅኳቸው።

እህቴ እኔ የላክሁትን አትመረምርም። ማታ ማታ ልጄን ይዛ ትምህርት ቤት የላከችኝ እሷ ናት፤ እኔ ያነበብኩትን እንዳነበበችው ትቆጥረዋለች። ብዪው ካልኳት ትበላዋለች። ጭንቀቴም እሱ ነበር።

ላስቲኩን ይዤ ፋርማሲ ሄድኩ። ፋርማሲስቷ ወጣት ናት። ገና ስታየው፣ "ጠርሙሱስ?" አለችኝ።

"ጣልኩት።" እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

"ሲቀልጥ መድኃኒቱ እኩል አይከፋፈልም፤ ሙቀትም ያደክመዋል" አለች። "ነጩ ስኳር ይሁን ሻጋታ በዓይን መለየት አልችልም። ላያማት ይችላል። ግን ከአንዱ ቁራጭ ምንም ላታገኝ፣ ከሌላው ከታዘዘላት በላይ ልትወስድ ትችላለች። እኔ ብሆን እጥለዋለሁ።"

እዚያው ጣልኩት። አዲስ ገዛሁ፤ እሽጉን ሳልነካ ክዳኑ ላይ ወረቀት ለጠፍኩበት፦ "በቀን ሁለት። ጥላ ቦታ፣ ክዳኑ ተገጥሞ ይቀመጥ። ከተጣበቀ ወይም መልኩ ከተለወጠ ሳትበዪ ደውዪልኝ።"

ጋሼ ሚዛን ላይ ሲያወጡት ከሁለት ኪሎ አለፈ። ጫማውን አወጣሁ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ጫማ ትተሽ ጠርሙስ?"

"ጽሑፉ እንዲደርስ ነው።"

"ጽሑፉንማ ፎቶ አንስተሽ አትልኪላትም?"

እውነታቸውን ነው። ግን ክዳን በስልክ አይላክም። "በእጅ ሻንጣዎ ይያዙልኝ፤ ደግሞ መኪና ውስጥ እንዳይረሱት" አልኳቸው።

"መኪና ውስጥ የረሳው ማን ሆነና!"

ጠርሙሱን ራሴ እጅ ሻንጣቸው ውስጥ ከተትኩት።

በሳምንቱ እሑድ እህቴ ደወለች። ሰላምታዋን እንኳ ሳላስጨርሳት፣ "እጅሽ ላይ አፍሺውና እዪልኝ፣ ተጣብቋል?" አልኳት።

"ኧረ እንደ ዶቃ ለየብቻው ነው። አንቺ ደግሞ!" እያኘከች ነው የምታወራው። "ይጣፍጣል እኮ። ሁለት ብቻ ያለው ማነው?"

"ጠርሙሱ ነው።"

"አንቺ ነሽ እንጂ! ጽሕፈትሽን የማላውቀው መሰለሽ?"

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ የቀረውን መልሳ ስትከት፣ ክዳኑንም እስከ መጨረሻው ስታዞረው ሰማኋት።