በሰጋቱራ እሳት የበሰለ ስኳር ድንች

ባለፈው ረቡዕ አስራ ስምንት ማዞሪያ ታክሲ ስጠብቅ አንዲት ልጅ መንገድ ዳር ስኳር ድንች ትጠብሳለች። ፍሙን አመድ አልብሳ ድንቹን ከላይ ደርድራዋለች፤ ቀስ እያለች ታገላብጣለች። ነጠላ ያጣፋ ጎረምሳ ቆም አለና፣ «ምን ቀብተሽው ነው እንዲህ የሚያብለጨልጨው? ቅቤ እንዳይሆን፣ ጾም ነው» አላት። ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። ተመልሳ ወደ ድንቿ አጎነበሰች።

ታክሲው መጣ፣ ሄደ። ሌላም መጣ፣ ሄደ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። በወጣትነቴ እኔንም አንዲት ሴት እንደዚያ አይታኛለች፤ ያኔም ነገሩ ስኳር ድንች ነበር፣ ያኔም ጾም ነበር።

ጃንሆይ ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩ ነው። ከቡልጋ መጥቼ ኮልፌ፣ አጠና ተራ አጠገብ መጋዝ እስብ ነበር። ያን ጊዜ እንጨት የሚሰነጥቅ ማሽን በየሰፈሩ የለም። ግንዱ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ በቋሚ እንጨቶች ላይ ይጋደማል። አንዱ ሰው ግንዱ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ከሥር ይቆማል፤ ረጅሙን መጋዝ ወደ ላይና ወደ ታች ይሳሳቡታል። ከላይ ያለው በከሰል የተሰመረውን መስመር እያየ ይመራል። ከታች ያለው መስመሩን አያየውም። ሰጋቱራው ዓይኑ ላይ ይዘንባል፤ ጨርቁን ግንባሩ ላይ አስሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የላዩን ሰው አምኖ ይስባል። እኔ የታች ሰው ነበርኩ።

የላዩ ሰው ጋሽ ሎምበሶ ይባሉ ነበር። ከወደ ሆሳዕና መጥተው ኮልፌ ከከረሙ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ወሬ የማይወዱ ሰው። ብቸኛ መሆኔን አይተው፣ «ምግብህን እኛ ቤት አድርግ፤ ሲመሽ እህል ሳትበላ ነገ መጋዙ ይገድልሃል» አሉኝ። ቤታቸው ከመጋዛችን ጀርባ ነው። ሚስታቸው እትዬ ብዙነሽ ነበሩ፤ አንዲት ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅም ነበረቻቸው፣ ዘነበች።

ስኳር ድንች መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ቤት ነው። ዘነበች ሳህኑን ስታቀርብ፣ «ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«የሚበላ ነው።»

«እኛ አገር መሬት ቆፍሮ ሥር የሚበላው ጃርት ነው።»

«እንግዲያው ጃርቱ ካንተ ያውቃል» አለችኝና ሄደች።

እኔ ያን ቀን ነው የወደድኳት፤ ስሰደብ። ድንቹንም ወደድኩት። ቀስ በቀስ ከዘነበች ጋር አንድ ሁለት ቃል መለዋወጥ ጀመርን። ሁዳዴ ሊገባ ሲል በር ላይ አግኝቻት፣ «ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ብልክ በሩ ይዘጋብኛል?» አልኳት። መጥረጊያዋን አስደግፋ ትንሽ አሰበችና፣ «በራችን መቀርቀሪያ የለውም» አለች። ያን ሳምንት መጋዙ ቀለለኝ። ጋሽ ሎምበሶ ከላይ ሆነው፣ «ቀስ በል አንተ ልጅ፣ እኔን ልታወርደኝ ነው?» ይሉኝ ነበር።

ጾሙ ገባ። እንደ ደንቡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አንቀምስም። ስለዚህ ቁርሳችን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ያ ቁርስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተጠበሰ ስኳር ድንች ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው ሳምንት አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ድንቹን ሳነሳ ጣቴ ወዛ። ልጣጩ ላይ ቡናማ ነገር ወርዶበት ያብለጨልጫል። እንደምንም ዋጥኩት፤ ነገሩ ግን ከሆዴ አልወረደም።

አገሬ ሳለሁ የሆሳዕና ወገን ክርስቲያን ጾም ይሸራርፋል ሲባል እሰማ ነበር። ማን እንዳለው አላውቅም፤ ያለውንም ሰው ጠይቄ አላውቅም። አሁን ግን ያ ወሬ መጥቶ ጎኔ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ሌላ ሥራ ያዘ። ዘነበች ድንቹን በሸክላ ድስት ከታ፣ በኮባ ቅጠል ሸፍና፣ ከላይ ክዳን ትጭንበታለች። አንድ ቀን ክዳኑን ላነሳ እጄን ስዘረጋ፣ «ተው፣ አትክፈት!» ብላ መታችኝ። ለምን አይከፈትም? ደግሞ እትዬ ብዙነሽ በር ጀርባ ትንሽ ቅል ሰቅለዋል። ሳያዩኝ አሸተትኩት፤ ቅቤ። በሁዳዴ ቅቤ በቤት ምን ይሠራል?

ችኩል ሰው አይደለሁም፤ ማረጋገጥ አለብኝ አልኩ። ከገበያ ሦስት ስኳር ድንች ገዛሁ። ተከራይቼ በምኖርባት ክፍል የከሰል ምድጃዬን አቀጣጠልኩ፣ በካርቶን አራገብኩ፣ ድንቹን ፍሙ ላይ ጣልኩት። ላዩ ከሰል ሆነ። ስሰብረው ውስጡ ደረቅ ነው፤ ዱቄት። ወዝ የሚባል ጠብታ የለውም። ሦስቱንም ሰበርኩ፤ ሦስቱም ያው። «በቃ» አልኩ ለራሴ፣ «ጾም እያስገደፉኝ ነው።» ዛሬ ሳስበው ያን ቀን ከማዘን ይልቅ ደስ ብሎኝ ነበር። ልክ የሆነ ሰው ደስታ ክፉ ነው።

ሐሙስ ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀመጥን። ዘነበች ሳህኑን አቀረበች። እንደገና ያብለጨልጫል። እጄን አልዘረጋሁም።

«ብላ እንጂ» አሉ ጋሽ ሎምበሶ።

«አልበላም።»

«አሞሃል?»

«አላመመኝም። በጾም ቅቤ አልበላም።»

እትዬ ብዙነሽ «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። ጋሽ ሎምበሶ የያዙትን መልሰው ሳህኑ ላይ አኖሩ። «ምን አልክ? ድገመው» አሉኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይላል። እኔ ደገምኩት፤ ጨመርኩበትም። ቅሉን አነሳሁ፤ የክዳኑን ነገር አነሳሁ፤ ቤቴ ጠብሼ ደረቅ መውጣቱንም ተናገርኩ።

«ቅሉ የራስ ቅባት ነው!» አሉ እትዬ ብዙነሽ። ሻሻቸውን ፈተው ፀጉራቸውን አሳዩኝ። «ራሴን ይፈልጠኛል፤ ጋሽህን ጠይቅ። ልጄ፣ ይሄን ነገር ውጭ ተናግረሃል? ሰው ከሰማ እኮ ማኅበር ማን አብሮን ይጠጣል? የንስሐ አባታችንስ ደጃችንን ይረግጣሉ?» እነዚህ ሰዎች እዚህ ሰፈር ስም ለማግኘት ስንት ዘመን እንደፈጀባቸው ያን ጊዜ አላሰብኩትም።

ለማንም አልተናገርኩም ነበር። እሱን ብቻ አልኩ።

ዘነበች ቆማ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፤ ያ ነው አስተያየቱ። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። መንገድ ላይ የማታውቀውን ሰው እንደምታይ አየችኝና፣ «ነገ ሥራ አትግባ» አለች። «ድንቹን ራስህ ግዛ። ራስህ እጠብ። ሰጋቱራውን ከራስህ መጋዝ ሥር አምጣ። ምድጃውን እኛ ጓሮ ታገኘዋለህ። ሰው አይጠጋህም።»

ለካ እነሱ የሚያበስሉት በከሰል አልነበረም። መጋዝ ሳቢ ቤት ሰጋቱራ ሞልቶ ሌላ ማገዶ ማን ይገዛል? ይህንንም አርብ ጠዋት ምድጃው ፊት ስቀመጥ ነው ያየሁት። ትልቅ የቆርቆሮ ጣሳ ነው። መሃሉ ላይ ዱላ ታቆማለህ፤ ዙሪያውን ሰጋቱራ ትጠቀጥቃለህ፤ ዱላውን ቀስ ብለህ ትመዛለህ፤ በቀረው ቀዳዳ ከሥር ትለኩሳለህ። አይነድም፣ አይጠፋም፤ ሲጤስ ይውላል። እትዬ ብዙነሽ ከአጥር ወዲያ ሆነው፣ «ጠቅጥቀው! ካልጠቀጠቅኸው ይናዳል!» ይሉኛል። ጠቀጠቅኩ።

እኔ ደግሞ ድስቱ ራሱ የከረመ ቅቤ ጠጥቶ ይሆናል ብዬ አዲስ ሸክላ ድስት ገዝቼ መጥቻለሁ። «ሳይሟሽ እሳት ላይ አታውጣው፣ ይሰነጠቃል» አሉኝ። ይሄም ዘዴ ነው ብዬ አልሰማኋቸውም። ድንቹን ከትቼ፣ በኮባ ሸፍኜ፣ ከድኜ፣ ዱካ ስቤ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ ድስቱ ጧ! አለ። ከሥሩ እስከ ወገቡ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ወጣችበት። እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

ፀሐዩ ከረረ። የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይኔን ይለበልባል። ያን ዓመት በልግ ዘግይቶ ነበር፤ መንገዱ አቧራ ብቻ ነው፤ የአጠና ተራ ሰው ጩኸት ከሩቅ ይሰማል። ጎረቤታቸው እማማ ዘይነባ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አሉና አዩኝ።

«አንተ፣ ተጎልተህ የምትጠብቃት ላም መቼ ነው የምትወልደው?»

«ሥራ ይዣለሁ፣ እማማ።»

«ሥራ! እኔ አርባ ዓመት ምድጃ ሥር ስቀመጥ ሥራ ይዛለች ያለኝ የለም» ብለው እየሳቁ ሄዱ።

ስድስት ሰዓት አለፈ፣ ሰባት አለፈ። ክዳኑን አላነሳሁም። ወዲያ ወዲህ የሚል ሰው ሲመጣ ድስቱን በሰውነቴ እጋርዳለሁ፤ አንድ ዶሮ እንኳ ሲጠጋ በጥርጣሬ አየዋለሁ። ስምንት ሰዓት ገደማ አንድ ነገር ሸተተኝ፤ ማር ሲቃጠል የመሰለ። ጎንበስ ብዬ ሳይ በዚያች ስንጥቅ በኩል ቡናማ ጠብታ ወጥታ ተንጠልጥላለች። ከበደች፣ ወደቀች፣ ምድጃው ላይ ቺስ አለች። ሌላ ተከተለች። ጣቴን አስነካሁ፤ እንደ ሙጫ ተጣበቀ። ላስኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ገና አልሞላም ነበር። እንግዲህ ያን ዓመት ጾም የገደፍኩት እኔው ነኝ፤ ማንም አላስገደፈኝም።

ቤተሰቡ ገባ። ጋሽ ሎምበሶ ከበላዬ ቆሙ።

«ምን አገኘህ?»

«ከራሱ ነው።»

«ከምኑ?»

«ከራሱ፣ ከድንቹ» አልኩ መሬት መሬት እያየሁ።

እትዬ ብዙነሽ እፎይ ብለው ሳቁ። «እሳቱ ሲዘገይ ስኳሩ ይወጣል፤ ከሰል ያደርቀዋል። ክዳኑም የማይከፈተው ሙቀቱ እንዳይሸሽ ነው። ብትጠይቀኝ እኮ እነግርህ ነበር» አሉኝ። ምንም ሳይሉ ቢቀሩ ይሻለኝ ነበር። ያን ሁሉ ቀን ስሰልል ስከርም መጠየቅ አልመጣልኝም።

ጋሽ ሎምበሶ አንድ ድንች በሉ፣ እጃቸውን ታጠቡ፤ ከዚያ፣ «ነገ ከላይ አንተ ትወጣለህ» አሉኝ።

«እንዴ ጋሼ፣ እርስዎ እያሉ?»

«የታች ሰው ካላመነ አይስብም። አንተ ከላይ ሆነህ መስመሩን እይ። እኔ ከታች ሆኜ አምንሃለሁ።»

ቢሰድቡኝ፣ ቢያባርሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘነበችን ጓሮ ምድጃውን ስትደፋ አገኘኋት። ይቅርታ ለማለት ነበር የሄድኩት፤ አፌ ላይ የመጣው ግን፣ «እንግዲህ አየሁ፤ አሁን ጥርጣሬው ለቀቀኝ» የሚል ሆነ።

«አየህ» አለች። «ባታይስ ኖሮ?»

ከጣሳው አጠገብ የወደቀውን ዱላ አነሳሁ።

«ነገ ልጅ ብወልድ የማን ነው ብለህ ዱካ ይዘህ ልትቀመጥ ነው?» አመዱን አራግፋ ቀና አለች። «ሽማግሌ አትላክ። አባቴ ይቅር ብሎሃል፣ እናቴም ብላሃለች። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን እጄን እያየህብኝ አላበስልም።»

ሽማግሌ አልላክሁም። ግትር ነኝ፤ እሷ ግን ከእኔ ትብሳለች። በማግስቱ ግንዱ ላይ ወጣሁ። ጋሽ ሎምበሶ በዚያ ዕድሜያቸው ከታች ቆመው፣ ሰጋቱራው ሽበታቸው ላይ እየዘነበ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቡ። ሁለት ዓመት አብረን ሠራን። አንድ ቀን እንኳ ነገሩን አላነሱብኝም። ዘነበችን ሳንሱሲ የሚኖር ልብስ ሰፊ አገባት።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ዘመን ታውቁታላችሁ። ያን ጊዜ ሰው አለማመን ጠቅሞኛል፤ ካላመንኳቸው ሰዎች ሁሉ ስለተረፍኩ በሕይወት አለሁ፤ ይህንን አልክድም። መጠርጠር ክፉ ነው ብዬ ልጆቼን መክሬም አላውቅም። ብቻ ጥርጣሬ ሲገባ እንጂ ሲወጣ አይታወቅም። ሰላም ከሆነ በኋላም ገበታ ላይ ሳይቀር አብሮኝ ይቀመጥ ነበር።

ጋሽ ሎምበሶ በስተርጅና ሲያርፉ ከባለቤቴ ጋር ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳን ውስጥ አንዲት ጥቁር የለበሰች ወፍራም ሴት ሳህን ይዛ ፊቴ ቆመች። ዘነበች ነበረች። ፀጉሯ ሸብቷል። «እንኳን መጣህ፤ ብላ» አለችና አስያዘችኝ። ሳህኑን አላየሁትም። እሷን እያየሁ፣ እስከ መጨረሻው በላሁ። ባዶውን ሳህን ስትቀበለኝ ትንሽ ቆም አለች፤ ራሷን ነቀነቀችልኝና ወደ ሌላው እንግዳ ሄደች።

ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትነተርከኛለች። ትናንትና ማታም ከእራት በኋላ አነሳችው። «የለቅሶው ዕለት እኮ ረቡዕ ነበር፣ ጾም» ትላለች። «አንተ፣ የእኔን ሽሮ እንኳ ምን ገባበት ብለህ የምትመረምር ሰው፣ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ እንዴት በላህ?»

ምን እንደነበር አላውቅም። አልጠየቅኩም፤ አሁንም አልጠይቅም።