ዞምቢዎቹን በስልኩ የቀረጸው ሰውዬ

አዲሰን ከተማ ያለው ሲኒማ ቤት በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። እኔ ፎርት ዎርዝ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ሳጥብና ሳገላብጥ እውላለሁ፤ ባለቤቴ ሾፌር ነው። ሁለታችንም ከሥራ ኦፍ የሆንንበት ቀን እሱ የመረጠውን የዞምቢ ፊልም ልናይ ገባን። ባለታሪኮቹ ራሳቸው ሰው ከሚበሉ ሬሳዎች እየሸሹ ቀርጸውት፣ ካለቁ በኋላ ካሜራው ወድቆ ተገኘ የሚባል ዓይነት ፊልም ነው።

ከእኛ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከፊታችን ተቀምጧል፤ ሽበታም፣ ጃኬቱን ያላወለቀ። ሐበሻ መሆኑን ከጀርባው አወቅኩ። ፊልሙ ከመጀመሩ ስልኩን አውጥቶ ወደ ስክሪኑ ደገነ።

"ሌባ ነው። ፊልም ቀድቶ የሚሸጥ" አልኩት ባለቤቴን በሹክሹክታ።

"በዚህ ዕድሜው?"

"ሌብነት ዕድሜ አለው እንዴ?"

ሠራተኞቹ መጥተው ቢይዙት፣ አብረን የመጣን ነው የሚመስላቸው። ቦታ እንቀይር ብዬ ብጠይቀው ባለቤቴ እምቢ አለ። ስለዚህ አንድ ዓይኔን ፊልሙ ላይ፣ አንዱን ሰውዬው ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

የሚገርመው፣ ሁሉንም አይቀርጽም። ሰዎቹ ሲያወሩ ስልኩን ጭኑ ላይ ያሳርፋል፤ ዞምቢዎቹ ሲመጡ ብቻ ብድግ ያደርገዋል። ይሄ ይበልጥ አስፈራኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው ሬሳ መርጦ የሚቀርጸው? አንዴ ዞር ብሎ ሲያየን ቦርሳዬን ወደ ጉያዬ ሳብኩ።

መብራት ሲበራ ለመውጣት ብንጣደፍም መተላለፊያው ላይ ጠበቀን። ፊት ለፊት ሳያቸው የአባቴ እኩያ ናቸው፤ 'እሱ' ማለቱን ተውኩት።

"ስታወሩ ሰማኋችሁ" አሉ በወሎ አነጋገር። ክው አልኩ። "ፊልሙን እንዴት አያችሁት?"

ባለቤቴ ፊልም አዋቂ ነኝ ባይ ነው። "ድምፁ ጥሩ ነው፣ አባቴ። ዞምቢው ሳይታይ ኮቴው ብቻ ሲሰማ ያስፈራል። አፓርትመንቱም የኛን ሰፈር ሌክ ሃይላንድስን ይመስላል፤ ደረጃው፣ ልብስ ማጠቢያው። ግን ያ ካሜራ የያዘው ልጅ! ወንድሙ እየተበላ ካሜራውን አይጥልም? በሩን በሁለት እጁ መግፋት ሲገባው በአንድ እጁ ይቀርጻል። እዚያ ላይ ውሸትነቱ ታወቀኝ።"

"የካሜራው መንቀጥቀጥም አዞረኝ" አልኩ፣ ሌባ ማለቴ እንዳይታወቅብኝ። "ዞምቢዎቹም አንዳንዶቹ አልቻሉበትም። አንዷ ደረጃ ላይ ስትወድቅ ቀሚሷ ሲገለብ፣ ፈጥና ጎትታ ጉልበቷን ሸፈነች። የሞተ ሰው ምን አፍሮ ነው የሚሸፈነው?"

የሰውዬው ፊት ተለዋወጠ። "የትኛዋ?"

"ምነው?"

"ልጄ እዚህ ፊልም ውስጥ ዞምቢ ሆኜ አለሁ ብላናለች። የነርሲንግ ትምህርቷን አቋርጣ፣ ፊልም እየሠራሁ ነው አለችን። እውነት ይሁን ውሸት በምን ልወቅ? የሁሉም ፊት ደምና ጭቃ ነው። እናቷ እንዲህ ያለ ነገር ማየት አትችልም፤ 'አንተ አይተህ አረጋግጥ' ብላ ላከችኝ። እኔ ደግሞ መለየት ሲያቅተኝ፣ ቤት ሄጄ አንድ ባንድ ላያቸው ዞምቢዎቹን ሁሉ ቀረጽኩ።"

ሌባ ያልኳቸውን ሰምተው እንደሆነ ከፊታቸው ማንበብ አልቻልኩም። አፍሬ አንገቴን ደፋሁ።

ውጭ ወጥተን ስልካቸውን ከፈቱ። ካሜራው ራሱ የሚንቀጠቀጥ፣ የእሳቸው እጅ የሚንቀጠቀጥ፤ ምኑም አይለይም። ደረጃው ላይ ሲደርሱ አቆሙት። አንዲት ሴት ትወድቃለች፣ እጇ ወደ ቀሚሷ ይሄዳል።

"እሷ ናት!" አሉ። "ወላሂ እሷ ናት! እናቷ 'ጉልበትሽን ሸፍኚ' እያለች ነው ያሳደገቻት።" ሳቁ፤ ሲስቁ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እዚያው ቆመው፣ የስልኩን ድምፅ ከፍተው ልጅቷን ኮል አደረጉ።

"ደረጃው ላይ የወደቅሽው አንቺ ነሽ አይደል?"

ከወዲያ ትንሽ ጸጥ አለ። "ደረጃው... አዎ፣ አባዬ። እኔ ነኝ።"

እያመሰገኑን፣ ከባለቤቴ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተሳስመው ተለያየን። መኪናችን ውስጥ ስንገባ ግን አላስቻለኝም።

"ዝም ማለቷን ሰማህ? መልሱን እኮ ራሳቸው ናቸው የነገሯት።"

"አንቺ ደግሞ! ሰውዬውን ሌባ አደረግሻቸው፣ አሁን ልጅቷን ውሸታም ልታደርጊያት ነው?"

ከፓርኪንጉ ስንወጣ ሰውዬው መኪናቸው ውስጥ ነበሩ፤ ሞተር አላስነሱም፤ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው የቀረጹትን እንደገና ያያሉ።