«ምስማር ድምፅ የለውም»

ቶርኚ ሠላሳ አራት ክረምት የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው። በሩቅ ሰሜን፣ በበረዶ አገር፣ ከሊክሰሌ ከተማ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ ሐይቅ ዳር በተቀመጠች መንደር ይኖራል። በብዙ ነገር ትሑት ሰው ነው። ስለ ሃይማኖት ሲጠይቁት «ቄሱ አሉ አይደል» ይላል። ስለ ፖለቲካ ሲያነሱበት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ስለ ጎማ የጠየቀው ሰው ግን ወዮለት፣ ያን ቀን ምሳውን ቤቱ አይበላም።

ባይጠየቅም ዝም አይልም። ሚስቱ ጉንቮር ገበያ ስትገባ እሱ መኪና ማቆሚያው ላይ ይቀርና በየሰው መኪና ሥር ይንበረከካል። ከኪሱ አንዲት ትንሽ መለኪያ አውጥቶ የጎማውን ጥርስ ይለካል። ከሦስት ሚሊ ሜትር ካነሰ ከማስታወሻ ደብተሩ ቅጠል ቀዶ ይጽፍና ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ይሰካል፦ «ጎማህ አልቋል። ቶርኚ።» ሰላምታ የለ፣ ምክር የለ። ሰዉ መጀመሪያ ይበሳጫል፤ በማግስቱ ጎሚስታ ቤት ይገኛል። ቶርኚ ከገደል አፋፍ ጎትቶ ያላወጣው ቤተሰብ በአካባቢው ስለሌለ ማንም ደፍሮ አይሰድበውም።

በዚያ አገር ሰው በነገር ሲስማማ «አዎ» ብሎ ጉልበቱን አይጨርስም። ከንፈሩን ሰብሰብ አድርጎ ትንፋሹን ሽው አድርጎ ወደ ውስጥ ይስባል፣ አለቀ። እኛም ወሬ ስንሰማ የምናደርገው ነው፤ የእነሱ ግን ሰላ ይላል፣ ለእንግዳ ሰው የደነገጡ ይመስላል። በዚህች ትንፋሽ መሬት ይሸጣል፣ ጋብቻ ይመሠረታል። ጉንቮር ራሷ «ታገቢኛለሽ?» ስትባል የመለሰችው በአንዲት ትንፋሽ ነው። ቶርኚም ለሌላው ነገር ሁሉ ትንፋሹን አይሰስትም። በጎማ ጉዳይ ግን ከእሱ የተለየ ሐሳብ ላመጣ ሰው ያቺን ትንፋሽ ሰጥቶ አያውቅም።

ከጎማ ሁሉ የሚያምነው ባለ ምስማሩን ነው፤ ላስቲኩ ላይ ትንንሽ ብረት የተተከለበትን፣ በረዶ የሚቧጥጠውን። ምስማር አልባውን «የከተሜ ጫማ» ይለዋል።

መኪናው ሰማያዊ ሚኒባስ ነው፣ ባለ ዘጠኝ ወንበር። የመጨረሻ ልጃቸው ኢልቫ የተወለደች ዓመት ገዙት። ሰባት ልጆች፣ አባትና እናት፣ ዘጠኝ፤ ልክክ። ሦስቱ ጋቢና፣ ሦስቱ መሃል፣ ሦስቱ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ። ልጆቹ ሁሉ በየተራቸው የኋላውን ወንበር ቀምሰውታል። በየክረምቱም ከዚያ አንድ ዓይነት አቤቱታ ይመጣ ነበር።

«አባዬ፣ ጎማው ይጮሃል!»

«ምስማር ድምፅ የለውም» ይላል ቶርኚ፣ ከመሪው ሳይዞር። «የምትጮሁት እናንተ ናችሁ። ዝም በሉ፣ ዝም ይላል።»

«ብርድም አለ!»

«ምን ብርድ! ማሞቂያው እሳት ነው።» የእሱን እግር ይጠብሰዋልና እውነቱን ነው። ከኋላ የተቀመጡት ኮፍያቸውን እስከ ጆሯቸው አጥልቀው ሲያያቸው በስፖኪዮው ይስቅባቸዋል። «መኪና ውስጥ ኮፍያ! የሊክሰሌ ልጅ አይደላችሁም እንዴ?»

ልጆቹ አንድ በአንድ ወጡ። በነሐሴ ኢልቫ ለነርስነት ትምህርት ወደ ኡሜዮ ከተማ ሄደች። ሚኒባሱ ከሰባት ባዶ ወንበር ጋር ቀረ።

በጥቅምት አንድ ሌሊት የመጀመሪያው በረዶ ጣል አደረገ። ቶርኚ ጠዋት ክሪኩን ይዞ ወጣ። አሮጌዎቹን ባለ ምስማር ጎማዎች ከጎተራ አንከባሎ አወጣና አንድ በአንድ ብሎናቸውን አሰረ። እሁድ በእነዚያው ጎማዎች ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ተመለሱ። ሰኞ፣ ከሁሉ በፊት ሊያደርገው የሚገባውን ነገር አደረገ፤ ተንበርክኮ ለካ። ሁለት ሚሊ ተኩል። መነጽሩን ጠርጎ ለካ። የጉንቮርን መነጽር ተውሶ ለካ። ሁለት ተኩል ሁለት ተኩል ነው። አዲስ ጎማ ግድ ሆነ። ለማንም ሳይናገር ገባና ፓልቱን በላ። የድንች ሊጡ ውስጥ ያለውን ሥጋ እንኳ ፈልጎ አላወጣም፤ ጉንቮር ነገር እንዳለ ያወቀችው በዚህ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ወረቀት ተሰክቶ አገኘ። የጉንቮር እጅ ጽሑፍ ነው። «ጎማህ አልቋል። መኪናው ይሸጥ። ጉንቮር።»

ቶርኚ ወረቀቱን እንደ ክስ መጥሪያ ይዞ ወጥ ቤት ገባ።

«ጎማ ያለቀበት መኪና ሁሉ ቢሸጥ ኖሮ አገሩ በእግሩ ይሄድ ነበር» አለ።

«ሁለት ሰው ነን፣ ቶርኚ። ትንሽ መኪና ይበቃናል።»

«ልጆቹስ ሲመጡ?»

«ልጆቹ በየመኪናቸው ይመጣሉ።»

«ጎማ ከገዛሁለት አምስት ዓመት ያገለግላል።»

«እኮ! አምስት ዓመት!» አለች ጉንቮር፣ ሹራብ መሥሪያዋን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ። «ግዛ እንግዲህ። እኔ ግን ከእሁድ ወዲህ በሱ አልሄድም። አንተ ከሰባት ወንበር ጋር ትዞራለህ።»

 ያንን መኪና መሸጥ ለቶርኚ ልጆቹን ሁለተኛ ከቤት ማስወጣት ነው። ጉንቮር የሌለችበት ጋቢና ደግሞ ከመሸጥ አይሻልም። ግማሽ ቀን ሲያባብላት ዋለ። በመጨረሻ «ጎማ ቤት ድረስ ብቻ፤ ዋጋውን ሰምተሽ ራስሽ ትወስኛለሽ» ብሎ ለመነ። ጉንቮር አንድ ጊዜ ትንፋሿን ሳበች። ልቡ ቅቤ ጠጣ።

ሊክሰሌ ሲደርሱ ጎማ ቤቱ ሞልቶ ጠበቃቸው። በዚያ አገር ሰዉ ክረምት እንደሚመጣ ስድስት ወር ሙሉ ያውቃል፤ ጎማ የሚገዛው ግን በረዶው ከወደቀ በኋላ፣ ሁሉም በአንድ ሰሞን ነው። ቶርኚ ሲገባ ወረፋው ነቃ አለ። ግማሾቹ የእሱን ወረቀት ኪሳቸው ይዘው የመጡ ናቸው። አንድ ወንበር ተለቀቀለት። «ቶርኚ፣ ዘንድሮስ ምስማር ነው?» አለው አንዱ። «ዘንድሮም ምስማር ነው» አለ፣ አፉን ሞልቶ። ቸርኬ ስለ ማጠብ፣ ጎማው የተሠራበትን ሳምንት ከጎኑ ላይ ስለ ማንበብ፣ ስለ ጥርስ አቀራረጽ፣ አንድ በአንድ አስተማረ። ጉንቮር አጠገቡ ሹራቧን ትሠራለች።

ተራው ደረሰ። የጎማ ቤቱ ባለቤት ማይከን የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት ናት፤ ቶርኚ ሦስት ጊዜ ከቦይ ጎትቶ አውጥቷታል።

«ለሚኒባሱ ነው?» አለች። «ክብደት የሚችል ልስጥህ። ስንት ሰው ትጭናለህ?»

«ዘጠኝ» አለ ቶርኚ።

«ሁለት» አለች ጉንቮር፣ ከሹራቧ ቀና ሳትል።

 ወረፋው ሁሉ የየጫማውን አፍንጫ ያይ ጀመር። ቶርኚ ፊቱ ደም መሰለ።

ማይከን ልታድነው ብላ ቶሎ ወሬ ቀየረች። «ምስማር አልባም አዲስ ገብቶልኛል። በረዶ ላይ ጥሩ ይይዛል፣ አስፋልት ላይ ደግሞ ድምፅ የለውም።»

«ምስማርም ድምፅ የለውም» አለ ቶርኚ።

ከወረፋው አንዱ ሳል አለ። ሌላውም ሳል አለ። ማይከን ጣሪያውን አየች። ጉንቮር ሹራቧን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተነሣች።

«ቁልፉን አምጣ» አለች።

«የት ልትሄጂ?»

«አንተ ከኋላ ትቀመጣለህ። መጨረሻው ላይ። እኔ እነዳለሁ።»

«ወረፋዬስ?»

«ማይከን ትይዝልሃለች።» ማይከን ትንፋሿን ሽው አድርጋ ሳበች። ከኋላ የቆሙትም ሳቡ፤ አንድ ሙሉ ወረፋ ባንድ ጊዜ።

ቶርኚ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የኋላው ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም ነበር። ጉልበቱን አጣጥፎ ገባ፣ ቀበቶውን ፈልጎ አሰረ። የጠዋቱ በረዶ ቀልጦ አስፋልቱ ራቁቱን ነበር። ጉንቮር ከከተማው ወጥታ ነዳጁን ስትረግጠው ከወንበሩ ሥር አንድ ነገር መጮህ ጀመረ።

ቶርኚ መጀመሪያ መኪናው የተሰበረ መሰለው። ጩኸቱ ከእግሩ ገብቶ በጥርሱ ይወጣል። «ማርሽ ቀይሪ!» አለ። ጉንቮር አልሰማችም። «ማርሽ!» አለ ጮክ ብሎ። «ምን?» «ማርሽ!» «አልሰማም፣ ጩህ!» እሱም ጮኸ። ከዚያ ደግሞ የራሱ ድምፅ ጆሮው ውስጥ ቀረና ኩም አለ። ልጆቹ ለምን ይጮሁ እንደነበር ገባው። አባታቸው እንዲሰማቸው ነበር። እሱ ደግሞ በጮሁ ቁጥር ዝም በሉ እያለ አሥራ ዘጠኝ ክረምት ነዳ።

ጣቶቹም ደነዘዙ። ከጋቢናው ሙቀት አንዲት ትንፋሽ እንኳ ወደዚህ አይደርስም። ቀስ ብሎ፣ ጉንቮር በመስተዋቱ እንዳታየው ዝቅ ብሎ፣ ኮፍያውን ከኪሱ አወጣና አጠለቀ። ጉንቮር አየችው።

አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ጥግ ይዛ ቆመችና ሞተሩን አጠፋች። ዞር አለች።

«ከፊትም ይሰማል» አለች። «ያን ጊዜ ልጆቹ ስለሚንጫጩ አይታወቀኝም ነበር። አምና እንኳ ኢልቫ ስትዘፍን ትሸፍነው ነበር። እሁድ ለብቻችን ስንሄድ ግን ጎማው ብቻ ቀረ። ባዶ ቤት ውስጥ ተከፍቶ የተረሳ ቧንቧ መሰለኝ። ቤተ ክርስቲያን እስክንደርስ አለቀስኩ፣ አንተ መንገድ መንገዱን ነበር የምታየው።»

«ስለ መኪናው መስሎኝ!»

«መኪናውንማ እወደዋለሁ፣ አንተ ደደብ።»

ቶርኚ ኮፍያውን አወለቀ።  አንድ ነገር ሊናገር ፈለገ፣ ግን ያለችው ወሬ የጎማ ብቻ ነበረች። «መልሺኝ» አለ። «ወረፋው ሳያልቅ።»

ጎማ ቤቱ ውስጥ ማንም ወጥቶ አልሄደም፤ ጎማቸው የተቀየረላቸው ሰዎች እንኳ ቁጭ ብለው ጠብቀዋል። ቶርኚ በመሃላቸው አልፎ ማይከን ፊት ቆመ።

«ምስማር አልባውን» አለ።

«ሰማሁ ልበል?» አለች ማይከን።

«አራት ምስማር አልባ።»

«ቶርኚ፣ አሞሃል እንዴ?» አለ ከወረፋው አንዱ። እውነትም ተጨንቆ ነው።

«አላመመኝም። ከኋላ ተቀምጬ መጣሁ።»

ማይከን ወረቀቷን ሳበች። «ለሁለት ሰው ነው?»

ቶርኚ ጉንቮርን አየ፣ ከዚያ በመስኮቱ ሰማያዊውን ሚኒባስ። «ሁለት ነን» አለ። «ጎማው ግን የዘጠኝ ሰው ክብደት የሚችል ይሁን። ለገና ይመጣሉ።»

ጉንቮር ትንፋሿን ሳበች። ማይከን ጻፈች።

ወደ ቤት ሲመለሱ መኪናው ጸጥ ከማለቱ የተነሣ የጉንቮር ሹራብ መሥሪያዎች ሲጋጩ ይሰማ ነበር። እራት ሳይበሉ ቶርኚ ለኢልቫ ደወለ። ሰላምታውን ዘለለው።

«ጎማው ይጮሃል ትሉኝ ነበር፣ አይደል?» አለ።

«እሱን ነገር ደግሞ ዛሬ ማን አመጣው? አዎ፣ ይጮሃል። ይጮሃል፣ አባዬ፣ እስክሞት እለዋለሁ!»

ቶርኚ ከንፈሩን ሰብሰብ አድርጎ ትንፋሹን ሽው አድርጎ ሳበ።

 «ምን አልክ?» አለች ኢልቫ። «ቆይ። እንዳትዘጋው። ቆይ፣ ሁሉንም ልጥራቸው።»

ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሰባት ፊት በአንዲት ስልክ ላይ ተደረደረ፣ በሰሜን ጫፍ ኪሩና ካለው አንሥቶ በደቡብ ጫፍ ማልሞ እስካለው። ቶርኚ ያቺን ትንፋሽ ለእያንዳንዳቸው ደገማት። የመጀመሪያው ልጅ ሲክስተን፣ አሁን ራሱ የሦስት ልጆች አባት የሆነው፣ መጨረሻ ላይ ቀረ።

«ብርዱስ?» አለ ሲክስተን።

ቶርኚ ጣቶቹ ገና አልሞቁም ነበር። ትንፋሹን ሳበ። ከዚያ ለዚያ አገር ሰው ብዙ የሆነ ነገር ተናገረ። «ስትነግሩኝ ስላልሰማሁ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ። «ለገና ከኋላ የምቀመጠው እኔ ነኝ። እናታችሁ ትነዳለች።»

 ሲክስተን አፍንጫውን በእጁ ጠረገ።

«ኮፍያህን እንዳትረሳ፣ አባዬ» አለ።