መሻገሪያው ላይ የጠፋው መብራት

ይህ የደረሰብኝ ጋምቤላ ክልል በሆነች በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት፣ ነሐሴ ላይ ነው። ዓመቱ ተምታቶብኛል፤ ምሽቱ ግን ከነደቂቃው አለ። በሥራዬ ብዙ ሞት አይቻለሁ። አብዛኛው ተረስቶኛል። ይህን ያልረሳሁት እጄ ስላለበት ነው።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግኩት ጎሬ ነው። በጤና ረዳትነት እንደተመረቅኩ ከጋምቤላ ከተማ በታች፣ ባሮ ዳር ባለች መንደር ተመደብኩ። ክሊኒኳ ሁለት ክፍል ብቻ ነበረች። ሠራተኞቿም ሁለት ነበርን፤ እኔና ዘበኛው ጋሽ ታደሰ። ጋሽ ታደሰ በሰፈራ ዘመን ከወሎ መጥተው እዚያው የቀሩ፣ ዝምታ የሚያበዙ ሽማግሌ ነበሩ። እኔ ጤና ረዳት ብሆንም ሰዉ ሁሉ የሚጠራኝ ሲስተር እያለ ነው።

ከመንደሯ ሰው እኩሌታው የሚኖረው ከወንዙ ማዶ ነበር። አኝዋኮች ናቸው፤ በቆሎ ይዘራሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ። ድልድዩ ያለው ሩቅ፣ ከተማ ውስጥ ስለሆነ ታማሚ ወደ እኔ የሚሻገረው በኦሞድ ታንኳ ነው። ኦሞድ አርባ ዓመት የሚሆነው ረጅም ሰው ነበር። ቤቱ ማዶ ነው፤ ታንኳውም የሚያድረው እዚያው ማዶ ነው።

ባሮ በበጋ ልጅ የሚንቦራጨቅበት ወንዝ ነው። በክረምት ግን ሌላ ነው። ግንድ ይዞ ይወርዳል፤ ዳርቻውን እየናደ ገደል ያደርገዋል። በእኛ በኩል ታንኳ ሊጠጋበት የሚችል ቦታ አንድ ብቻ ነበር፣ ዝቅ ያለች አሸዋማ መሻገሪያ። ያቺን የሳተ ታንኳ ትንሽ ወረድ ብሎ የወደቀ ትልቅ ዛፍ ይጠብቀዋል። ቅርንጫፎቹ ውኃ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ከመሸ በኋላ የሚሻገር ሰው መሻገሪያው ላይ መብራት ያስፈልገዋል።

ባትሪው በተመደብኩ በወሩ የመጣልን ለዚሁ ነበር። ከከተማ የመጣ አንድ ኃላፊ ሕዝቡን ማንጎው ጥላ ሥር ሰብስቦ በራሳቸው ቋንቋ ተናገረ። ባለሥልጣን በቋንቋቸው ሲናገራቸው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። በመጨረሻ አንድ ባለ ሦስት ድንጋይ የእጅ ባትሪ አወጣና ለእኔ ሰጠኝ። ከዚያ በአማርኛ፣ «ሲስተር፣ ከእንግዲህ መሻገሪያው ያንቺ ኃላፊነት ነው» አለኝ። ሰው አጨበጨበ። ኦሞድ ባትሪውን ተቀብሎ አገላብጦ አየውና ሳቀ።

ስምምነታችን ቀላል ነበር። ማዶ ታማሚ ሲኖር ቆርቆሮ ይመታሉ። እኔ ወርጄ መሻገሪያው ላይ አበራለሁ። ኦሞድ መብራቴን እያየ ይመጣል።

አንድ ሁለት ወር ደህና ሠራ። ከዚያ ማብሪያው ተበላሸ። ማብሪያው የባትሪው ገላ ላይ በአውራ ጣት ወደ ፊት የሚገፋ ዓይነት ነው። ሲገፉት ይበራል፤ አሁን ግን ጣት ሲነሣ ይጠፋ ጀመር። ጣት ሳይነሣም የሚጠፋበት ቀን አለ። አንዳንዴ ደግሞ ጠፍቶ የተቀመጠው ባትሪ ጠረጴዛ ላይ በራሱ በርቶ ይገኛል።

መድኃኒት ለመውሰድ ከተማ ስገባ ከሌሎች ቦታዎች ከሚመጡ የሥራ ባልደረቦች ጋር እንገናኝ ነበር። ለካ ለሁሉም ያው ባትሪ ተሰጥቷል፤ ችግሩም አንድ ነው። አንዱ ጭኑን በባትሪው ሲመታ ይበራለታል። አንዷ ማብሪያውን በላስቲክ ጠፍራ አስራዋለች፤ አትነካውም፤ ማጥፋት ስትፈልግ ድንጋዩን ታወጣለች። የወባ ሠራተኛው ከማብሪያው ሥር የክብሪት እንጨት ወትፎበታል። «ቢያንስ ሚስቴ ከዚህ ባትሪ ትሻላለች፤ ጠዋት ብትኮርፍ ማታ ትበራለች» ብሎ አሳቀን።

እዚያው ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር ራዲዮ የሚጠግን ሰው ጋ ወሰድኩት። ፈታውና ከማብሪያው ሥር ያለችውን ጥፍር የምታህል ስስ ብረት አሳየኝ።

«ድንጋዩም አምፑሉም ደህና ነው። በሽታው ይቺ ናት» አለኝ። «እርጥበት ሲያገኛት ትዝጋለች። ብዙ ሲገፏት ደግሞ ትላላለች።»

«ትቀየርልኛ።»

«በምን ልቀይራት? እኔ ዘንድ ያለችው ከሌላ ባትሪ የወጣች ያችው ናት።»

በምላጭ ፋቃት፤ ወደ ላይ ቀና አደረጋትና ገጠመው። በራ። «እስከ መቼ ይሠራል?» ስለው፣ «እስኪጠፋ ድረስ» አለኝና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

መንደር ስመለስ እንደ ወባው ሠራተኛ የክብሪት እንጨት ወተፍኩበት። ሠራልኝ። በዚያ እንጨት አምስት ወይም ስድስት ታማሚ አሻገርኩ። ለጋሽ ታደሰ እንኳን አልነገርኳቸውም።

ያን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዘነበ። አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ፣ ጀንበሯ ልትጠልቅ ስትል ቆርቆሮው ተመታ። ወረድኩ። ማዶ አኳይ ቆሞ እጁን ያወናጭፋል። አኳይ ወጣት ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ሚስቱ አሪየት የመጀመሪያ ልጇን እየጠበቀች ነበር። ሁለት ጊዜ ለክትትል መጥታ ሆዷን አይቼላታለሁ። ስነካት ስለሚኮረኩራት ትስቅ ነበር።

«ሲስተር! አሪየት ወለደች!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ ከውኃው ጩኸት በላይ እየተቆራረጠ ይደርሰኛል። «ደም! ደም አልቆመም!»

ገባኝ። የእንግዴ ልጁ ቀርቷል። ይህን በሽታ አውቀዋለሁ። ከዚያ በፊት ሁለት ሴቶች እንዲህ ሆነው መጥተውልኝ ሁለቱንም አድኛለሁ። ደም የሚያቆመው መርፌ ነበረኝ። «አምጧት! ቶሎ አምጧት!» አልኩት።

ክሊኒክ ሮጬ አልጋውን አዘጋጀሁ፤ መርፌውን ቀድቼ አስቀመጥኩ፤ ባትሪውን ይዤ ከጋሽ ታደሰ ጋር ተመልሼ ወረድኩ። እስከዚያ አሪየትን በቆዳ ላይ አስተኝተው ታንኳው ውስጥ አግብተዋታል። ጋምቤላ ላይ ጀንበር ከጠለቀች ጨለማው አይዘገይም። ኦሞድ የማዶውን ዳርቻ ይዞ ወደ ላይ ሲቀዝፍ አየሁት፤ ሁልጊዜም ትንሽ ወደ ላይ ወጥቶ ነው ወንዙን የሚቆርጠው። ከዚያ ጨለማው ዋጣቸው።

ባትሪውን አበራሁ። ደህና በራ። ከፍ አድርጌ ያዝኩት።

«አየሁ! መጣሁ!» አለ ኦሞድ።

የመቅዘፊያው ድምፅ እየቀረበ መጣ። የአሪየትን ማቃሰት ሰማሁ። ከወንዙ አጋማሽ አልፈው ነበር ብዬ አስባለሁ። ያኔ ባትሪው ጠፋ።

በመዳፌ መታሁት። ጭኔ ላይ መታሁት። የክብሪት እንጨቱን ገፋ ሳደርገው ርሶ ኖሮ ተሰበረና ስባሪው ውስጥ ገባ።

«ሲስተር! መብራት!»

«እዚህ ነኝ! ወደ ድምፄ ና!»

ግን ባሮ ሲሞላ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይለይም። ኦሞድ፣ «የት? የት?» ይላል። ጋሽ ታደሰ ፋኖስ ሊያመጡ ወደ ክሊኒኩ ሮጡ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ጭቃ። እኔ ባትሪውን ለመፍታት ቂጡን ሳዞረው ሞላው ተፈናጠረና ድንጋዮቹ እግሬ ሥር ወደቁ። ተንበርክኬ ጭቃውን በእጄ ዳሰስኩ። ሁለቱን አገኘሁ። ሦስተኛውን ለማግኘት ምን ያህል እንደፈጀብኝ አላውቅም። ያን ጊዜ ሁሉ ኦሞድ ይጠራኛል። እያንዳንዱ ጥሪ ከበፊቱ ይርቃል፤ ወደ ታች፣ ወደ ዛፉ በኩል።

ከዚያ መጥራቱን ተወ።

ጋሽ ታደሰ ፋኖሱን ይዘው ሲደርሱ ወንዙ ላይ ማንም አልነበረም። ከዛፉ ጋር ተላትመዋል ብዬ ጮህኩ። ኋላ እንደሰማሁት አልተላተሙም። ኦሞድ መሻገሪያውን እንዳለፈ ሲገባው፣ ዛፉ ሳይደርስበት ታንኳውን መልሶ ወደ ማዶ ቀዘፈ። ልክ ነው። ታንኳው ውስጥ እሱ፣ አኳይና አሪየት ነበሩ። እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ግን ወንዙ ብዙ ርቀት አውርዷቸው ነበር፤ ያን ታንኳ በጨለማ፣ በዚያ ጎርፍ ላይ ሽቅብ ቀዝፎ መመለስ አይቻልም። አሪየትን ተሸክመው በእግራቸው ወደ ቤት መለሷት።

በእኛ በኩል አንድም ታንኳ የለም። መርፌው ክሊኒክ ውስጥ ተቀድቶ ተቀምጧል።

ድንጋዮቹን ጠራርገው የገጠሙት ጋሽ ታደሰ ናቸው። ማብሪያውን ሳይነኩት እጃቸው ላይ በራ። ቦግ ብሎ፣ እንደ አዲስ። ሁለታችንም መብራቱን አየን፤ እሳቸው ፊታቸውን አዞሩ። ያን መብራት ይዘን መሻገሪያው ላይ ቆምን። ሦስት ሰዓት ገደማ ማዶ የሴቶች ለቅሶ ተነሣ።

«ልጄ፣ እንግባ» አሉኝ ጋሽ ታደሰ።

ጠዋት ኦሞድ መጥቶ አሻገረኝ። አሪየት ሰሌን ለብሳ ተኝታለች። ሕፃኗ አያቷ እቅፍ ውስጥ ነበረች፣ ሴት ናት፣ ደህና ናት። እትብቷን አይቼ በደንብ አሰርኩላት። ሌላ የምሠራው ነገር አልነበረም። ስንመለስ ኦሞድ ታንኳው ላይ፣ «መብራትሽን አየሁ። ከዚያ አላየሁም» አለኝ። የነገረኝ ይህንኑ ብቻ ነው።

ለበላይ ሪፖርት መላክ ነበረብኝ። «ወንዝ ሞልቶ መሻገር ስላልተቻለ» ብዬ ጻፍኩ።

ኅዳር ላይ ወንዙ ሲጎድል አኳይ ሕፃኗን ታቅፎ መጣ። ትኩሳት ነበራት። ክብደቷ ከዕድሜዋ በጣም ያንሳል፤ ያሳደጓት በላም ወተትና በገንፎ ውኃ ነው። መድኃኒት ሰጠኋት። አኳይ ሊሄድ ሲነሣ፣ «አመሰግናለሁ ሲስተር። ያን ቀንም ብርድ ላይ ቆመሽልን ነበር» አለኝ።

ምስጋናውን መሸከም አቃተኝ። «አኳይ፣ ተቀመጥ» አልኩትና ነገርኩት። ማብሪያው ከወራት በፊት መበላሸቱን፣ ከተማ ወስጄ እንደማይታመን መስማቴን፣ በክብሪት እንጨት ሲሠራ መቆየቱን፣ ሁሉንም ነገርኩት።

እስክጨርስ ሰማኝ። አማርኛው ብዙ አልነበረም፤ ቃል እየፈለገ ነው የተናገረው።

«ድሮ ባትሪ የለም። እኛ እሳት እናነድ ነበር፣ መሻገሪያው ላይ። ለክረምት ደረቅ እንጨት ቤት ውስጥ እናስቀምጣለን፤ በዚህም በዚያም። ታንኳ እሳቱን አይቶ ይመጣል። አባቴም እንዲህ ነው የሚሻገር። ባትሪ መጣ፣ ተውነው።»

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። በዚያች መንደር ዓመት ያህል ኖሬ፣ ከእኔ በፊት እንዴት ይሻገሩ እንደነበር አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

«ባትሪው መጥፎ ነው ብትይን፣ እሳት እናነድ ነበር» አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ለምን አልነገርሽንም?»

የዚያ ሁሉ ሰው ጭብጨባ ታወሰኝ። ኃላፊነቱ ያንቺ ነው የተባልኩት፣ ከደጋ የመጣች ልጅ ሆኜ ሲያምኑኝ ደስ ያለኝ፣ እምነታቸው እንዳይጎድልብኝ የፈራሁት። ይህ ሁሉ የሟች ሚስቱን ልጅ ለታቀፈ ሰው እንዴት ይነገራል? «አላውቅም» አልኩት።

ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ልጁን ደረቱ ላይ አስተካክሎ ታቀፈና ወጣ።

በዓመቱ ወደ መቱ ተዛወርኩ። ከዓመታት በኋላ ከዚያ አካባቢ የመጣ ሰው አግኝቼ ስለ አኳይ ብጠይቀው፣ ልጁን ይዞ ሱዳን በኩል ካሉ ዘመዶቹ ዘንድ ሄዷል አለኝ። ዘመዶቹ የት እንዳሉ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል የሆነውን ጦርነትና ስደት ሁላችንም ሰምተናል። ልጅቷ ትኑር አትኑር አላውቅም። ብትኖር ዛሬ እኔ ያን ጊዜ ከነበርኩበት ዕድሜ አልፋለች።

አሁን ከጊዜው ቀድሜ ጡረታ ወጥቻለሁ። መንገድ ላይ፣ «እኔን ያዋለድሽኝ አንቺ ነሽ» የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ ይስሙኛል፣ ይመርቁኛል። አሜን እላለሁ፤ ልቤ ግን አይሞቅም። ጊዜ ያቀለዋል ያሉኝ ሰዎች ተሳስተዋል፤ ከዕድሜዬ ጋር አብሮ ከበደ እንጂ አልቀለለም።

ዛሬ አኳይ ቢጠይቀኝ የምመልስለት አንድ ቃል ነው፦ አፍሬ። ያን ጊዜም ይህንኑ ቃል አውቀው ነበር። ብናገረው አሪየትን አይመልስለትም፤ ግን ጠይቆኝ ነበር፣ ቆሞም ጠብቆኝ ነበር። አሁን ቃሉን አውጥቼዋለሁ፤ የሚሰማው ግን እሱ አይደለም።