ተመችቶሻል

የሐዋሳ ሰው ለታመመ ሰው የሚለው ብዙ ነገር አለው። ታማ ለወፈረች ሴት ግን ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ተመችቶሻል!» ይህን ቃል ባጃጅ ውስጥ ተብያለሁ፣ ፋርማሲ ተሰልፌ ተብያለሁ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ተብያለሁ። አንድ ቀን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሐይቅ ዳር ምሳ ልንበላ ሄደን፣ ጣቶቼ የዓሣውን እሾህ መልቀም አቅቷቸው ሳህኑን ወዲያና ወዲህ ስገፋ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው መምህር ጉንጬን አይቶ «አንቺስ ተመችቶሻል» አለኝ። ሹካውን ጉንጩ ላይ ብተክልለት ደስ ይለኝ ነበር። ሹካ አጥብቄ መያዝ ስለማልችል ተረፈ።

በሽታው የጀመረኝ ከጣቶቼ ነው። አንድ ጠዋት፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለው የኪራይ ቤቴ፣ የጥርስ ሳሙናውን ክዳን ማዞር አቃተኝ። ጣቶቼ አብጠዋል፣ ደርቀዋል፣ የእኔ አይመስሉም። ረፋድ ላይ እንደ ምንም ይፈታሉ፤ ከሰዓት ደግሞ ድካሙ ይመጣል። ድካም ስል ሰው ሥራ ውሎ የሚደክመውን ማለቴ አይደለም፤ እሱ ሲተኙ ይለቃል። ይሄኛው ዘጠኝ ሰዓት ተኝቼ ስነሳም አብሮኝ ይነሳል። ፀጉሬን ልታጠብ አስቤ፣ ለመታጠብ ክንዴን ማንሳት እንዳለብኝ ትዝ ሲለኝ ትቼው ቁጭ ያልኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ታይፎይድ ነው አለኝ። ሁለተኛው ታይፎይድና ታይፈስ አለኝ። ሦስተኛው እንዳይከፋኝ ብሎ ይሆናል፣ ሁለቱንም ከጨጓራ ጋር ሰጠኝ። ደክሞኛል ብለው ክሊኒክ ገብተው ያለ ታይፎይድ የወጡ ሰው ካሉ ላገኛቸው እፈልጋለሁ። አከራዬ ደግሞ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይጠፉ ደግ ሴትዮ፣ ላብራቶሪም አላስፈለጋቸው።

«የሐይቁ ብርድ መቶሽ ነው ልጄ። ካልሲ አድርጊ» አሉኝ።

«እማማ፣ እርስዎ እዚህ ስንት ዓመት ኖሩ?»

«አርባ ይሆነኛል።»

«ታዲያ እርስዎን ለምን አልመታዎትም?»

«እኔማ እጸልያለሁ።»

ካልሲውን ግን አደረግኩ፤ በሐምሌም በመጋቢትም አደረግኩ። ስለዚህ በሰው ሞኝነት ስስቅ የራሴንም ቆጥሬ ነው።

በመጨረሻ አንድ ሐኪም ደሜን በደንብ አስመርምሮ ስሙን ነገረኝ፤ ሩማቶይድ አርትራይተስ። «የሰውነትሽ ጥበቃ ባለቤቷን ሌባ ናት ብሎ ይዞ እየደበደበ ነው» አለኝ። ለመረዳት አልተቸገርኩም፤ የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ በር ጥበቃዎች መታወቂያ የረሳሁ ቀን የሚያደርጉኝ ይህንኑ ነው። በሽታው ጨርሶ እንደማይለቀኝ፣ ግን ሊያዝ እንደሚችል ነገረኝ። ቀስ ብሎ የሚሠራ አንድ መድኃኒት አዘዘልኝ፤ እሱ ፋርማሲ አንድ ወር ተገኝቶ ሁለት ወር ስለሚጠፋ ደግፎ የያዘኝ ሌላኛው፣ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ኪኒን ነው። ስለ እሱ ሁለት ነገር አስጠነቀቀኝ፦ ፊትሽ ያብጣል፤ በምንም ምክንያት በራስሽ ጊዜ እንዳታቆሚው።

በሳምንቱ የሸሚዜን ቁልፍ ራሴ ቆለፍኩ። በወሩ ፊቴ ክብ ሆነ። ከተማው በሙሉ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ።

የሚያናድደኝ መንገደኛው አይደለም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ነው የማስተምረው። የትምህርት ክፍላችን መምህራን ሰውነት ራሱን እንዴት እንደሚከላከል፣ አንዳንዴም እንዴት ራሱን እንደሚያጠቃ፣ በቃላቸው ያውቁታል። በስላይድ ያሳያሉ፣ ፈተና ያወጣሉ፣ ተማሪ ይጥሉበታል። ከዚያ ሻይ ሊጠጡ ይወጡና የሰው ጤና በጉንጭ ይለካሉ። የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን እንዲያውም ስለዚሁ ጉዳይ የማስተማሪያ ጽሑፍ ያዘጋጀ ሰው ነው። ጽሑፉ ጥሩ ነው። አንብቦት ቢሆን ኖሮ ደግሞ የተሻለ ነበር።

እኔም ብሆን። ከመታመሜ በፊት አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ ሁልጊዜ አርፍዳ ትመጣና ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ ትጥላለች። አንድ ቀን ክፍሉ ፊት አስነሳኋት። «ቲቸር፣ ይደክመኛል» አለች። «ማን የማይደክመው አለ?» አልኳት፤ «እኛም ይደክመናል፤ ግን እንሠራለን።» ክፍሉ ሳቀ። ቀልዴ ስለተሳካልኝ ደስ አለኝ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ስሟ ዝርዝሩ ላይ አልነበረም፤ የት ገባች ብዬም አልጠየቅኩም።

የማስተምርበት ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም፤ ሰባ ሁለት ደረጃ ነው። ጉልበቴ ሲጀምረኝ በየፎቁ ስልክ የማወራ መስዬ እቆም ጀመር። ከዚያ ደግሞ ላይ ስደርስ የምናገርበት ትንፋሽ አጣሁ። ምድር ቤት ክፍል ካልተሰጠኝ ማስተማሩን መተው ነበረብኝ፤ ከማስተማር ሌላ የምችለው ሥራ ደግሞ የለኝም። የሐኪሙን ወረቀት አያይዤ ማመልከቻ ጻፍኩ።

ኃላፊው ወረቀቱን ሳይሆን እኔን አነበበኝ። «የሐኪም ወረቀት ማን አያመጣም? አንቺ ደግሞ፣ አትቀየሚኝና፣ ተመችቶሻል። ለማንኛውም ኮሚቴው በዓይኑ ይይሽ» አለኝ። ቀጠሮው የሁለት ሳምንት ነበር።

በዓይኑ ይይሽ ካለ፣ ዓይኑ የሚያየው ነገር ላዘጋጅለት ወሰንኩ። ፊቴን የሞላው ኪኒኑ ነው፤ ኪኒኑን አቆምኩ። ባዮሎጂ የማስተምር ሴት፣ በራስሽ ጊዜ እንዳታቆሚው የተባልኩትን መድኃኒት፣ ለሦስት የኮሚቴ መምህራን ብዬ በአንድ ቀን አቆምኩ። ከኮሚቴው ይልቅ የምንቀው ሰው ካለ ያን ሳምንት የነበርኩት እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ጣቶቼ ተመልሰው ደረቁ። ከሳምንት በኋላ ምግብ አልረጋልኝ አለ፤ ስቆም ዓይኔ ይጨልማል። በቀጠሮው ቀን ልብሴን ያለበሱኝ አከራዬ ናቸው፤ እየጸለዩ ቁልፌን ቆለፉልኝ፣ ባጃጅ ላይም ደግፈው አወጡኝ። ስብሰባ ክፍሉ ስገባ ተቀመጪ እስክባል አልጠበቅኩም፤ ያገኘሁት ወንበር ላይ ወደቅኩ።

ከኮሚቴው በዕድሜ የሚበልጡት መምህር ደነገጡ። «እንዲህ ታመሽ ኖሯል እንዴ!» አሉ።

ኃላፊው እስክሪብቶውን አወጣ። «አሁን ገና የታመመ ሰው መሰልሽ» አለኝ፤ በደግነት ነው ያለው። የሐኪሙን ወረቀት ማንም አልገለጠውም። ፈርመው ሲጨርሱ ሻያቸው እንኳ አልቀዘቀዘም።

ከዚያው ወደ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ግሉኮስ ተተክሎልኝ ስነቃ ሐኪሙ አጠገቤ ቆሟል፤ እንዲያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም። «ኪኒኑን ስትወስጂ ሰውነትሽ የራሱን ሆርሞን መሥራት ትቷል። ድንገት ስታቆሚው ሁለቱም የሉሽም። ልትሞቺ ነበር እኮ! ለምንድን ነው ያቆምሽው?»

«ለኮሚቴ» አልኩት። አልሳቀም።

አንድ ሴሚስተር ምድር ቤት አስተማርኩ። ኪኒኑን ጀመርኩ፣ ፊቴ ሞላ፣ ድምፄ ተመለሰ። ተማሪዎቼ ከኋላ ወንበር ድረስ ይሰሙኝ ነበር። ኃላፊው ኮሪደር ላይ ባገኘኝ ቁጥር የሠራውን ሥራ እንደሚያደንቅ አናጢ ጉንጬን ያያል። «አየሽ፣ ምድር ቤቱ ተስማማሽ» ይላል።

ሴሚስተሩ አልቆ አዲሱ የክፍል ድልድል ሲወጣ ስሜ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቢሮው ገባሁ። ሁለት መምህራን ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ኳስ ሲጫወት እግሩ ተሰብሮ ጀሶ ውስጥ ነው፤ ጀሶው ላይ ባልደረቦቹ ሁሉ ፈርመውለታል። ምድር ቤቱ የተሰጠው ለእሱ ነው። ማመልከቻ አልጻፈም፣ ኮሚቴ አልቀረበም። ጀሶ ምን ወረቀት ያስፈልገዋል?

«አንቺ ድነሻል» አለኝ ኃላፊው። «ያኔ እኮ የእውነት ታመሽ ነበር። አሁን ግን እይው ፊትሽን፤ ተመችቶሻል።»

«ያኔ መድኃኒት አቁሜ ነው» አልኩት። «አሁን ስለምወስድ ነው የቆምኩት።»

«እሺ፣ ታዲያ አሁን የት ነው የሚያምሽ?»

የት ብዬ ልጀምርለት? ስለ ጣቶቼ፣ ስለ ጉልበቴ፣ ሳልታጠበው ስለማድረው ፀጉሬ ሁሉ መናገር ፈልጌ፣ ከአፌ የወጣው አንድ ቃል ነው።

«ይደክመኛል» አልኩ።

«ማን የማይደክመው አለ?» አለ ኃላፊው። «እኛም ይደክመናል፤ ግን እንሠራለን።»

ሁለቱ መምህራን ሳቁ። ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ያጠራቀምኩት ስድብ ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር። ግን የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነው። አንድም ቃል አልጨመረበትም፣ አንድም አልቀነሰም። ሳቁ እንኳ ያው ነው፣ የገባበት ቦታም ያው ነው።

ኪኒኑን ባቆም ክፍሉ በሁለት ሳምንት እንደሚመለስልኝ አውቃለሁ። ብልቃጡ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ክዳኑን ለማዞር ሞከርኩ፤ ጣቶቼ አልያዙልኝም። ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ፣ ኃላፊው ፊት አስቀመጥኩት።

«ክፈትልኝ» አልኩት።

በሁለት ጣቱ ከፈተው። «ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ።

«ምቾት» አልኩት። ድርሻዬን ያለ ውኃ ዋጥኩና ወደ ደረጃው ሄድኩ።