ዘይባ ቡኢ የሄደችበት ረቡዕ

ዘይባን ለማያውቅ ሰው መጀመሪያ ግቢዋን ልንገረው። ቡታጅራ ውስጥ ከገበያው ጀርባ በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ግቢ አላት። ከጥቅምት ጀምሮ ከቆሼ ገበሬዎች በርበሬ በጆንያ ተጭኖ ይመጣል። እኛ ሴቶቹ ሸራ ላይ ዙሪያውን ተቀምጠን እንቀነጥሳለን፣ የነጣውንና የሻገተውን ከቀዩ እንለያለን። እኔ ፈቲሀ ባሏ በሕይወት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እዚያ ሸራ ላይ ነኝ። ባሏ ሲሞት ሥራውን ትተወዋለች ያላት ሰው ብዙ ነበር፤ ሐዘኗን እንኳ ሳትጨርስ ቆሼ ወርዳ በርበሬ መርጣ መጣች።

ግቢው አንድ ሕግ አለው፤ የተቀመጠ ሁሉ ይቀነጥሳል። ነጋዴም ሆነ ዘመድ፣ ሊጠይቅም ሆነ ሊያማ የመጣ፣ ቁጭ ካለ እጁ ሥራ ይይዛል። ዘይባ ይህን ያደረገችው ከስስት አይደለም። እጁ ሥራ የያዘ ሰው ሲናገር ረጋ ይላል ባይ ናት። ልጇ ሃፊዛ እንኳ ከወልቂጤ፣ ካገባችበት፣ ልትጠይቃት ስትመጣ ጫማዋን አውልቃ እየቀነጠሰች ነው ናፍቆቷን የምትወጣው።

ሃይሚ የመጣችው በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቀጭን፣ ረጅም ቀሚስ የለበሰች፣ ቦርሳዋን እንደ ልጅ ደረቷ ላይ ያቀፈች ልጅ። በሩን አንኳክታ ማንም ግቢ ሳይላት ገባች። የአፀደ ሕፃናት አስተማሪ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያኗ ጓደኞች ጋር ከተማውን ተከፋፍለው ቤት ለቤት ወንጌል ይናገራሉ፤ የእኛ ሰፈር ለእሷ ደርሷት ነው። ገመድ ላይ የተሰጣውን የዘይባን መስገጃ ሳታየው አልቀረችም፤ ቢሆንም ገባች።

«ጤና ይስጥልኝ እናቶቼ። ስለ አንድ ወዳጄ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት» አለች።

ወዳጇ ማን እንደሆነ ልትናገር አፏን ስትከፍት አስነጠሳት። እንደገና ሞከረች፤ እንደገና አስነጠሳት። ስሙን ልትጠራ ባለች ቁጥር በርበሬው ይቀድማታል። እኛ በሳቅ ሞትን፤ እኔማ ደስ ብሎኝ ነው የሳቅሁት። ዘይባ ግን ተነስታ ሚስማር ላይ ከተንጠለጠሉት ሻርፖች አንዱን አወረደች፤ በልጅቷ አፍንጫ ላይ አዙራ አሰረችላት።

«በይ አሁን ተናገሪ» አለቻት። «ቁጭ ካልሽ ግን እየቀነጠስሽ ነው።»

ልጅቷ ቁጭ ብላ እየቀነጠሰች ሰበከችን። ኢየሱስ እንደሚወደን፣ እሱን ካልተቀበልን እንደምንጠፋ፣ ጊዜው ሳያልፍ ዛሬ እንድንወስን ነገረችን። ዘይባ እስከ መጨረሻው ሰማቻትና «አልሐምዱሊላህ፣ እኔስ ሃይማኖቴ ይበቃኛል፤ እስቲ ያንን ጆንያ ሳቢልኝ» አለቻት። ልጅቷም ሳበች።

እኔ ነገሩን አልወደድሁትም። የሰው ግቢ ገብቶ፣ የማያውቁትን ሰው፣ እናት አባትህ ያወረሱህን እምነት ተው ማለት ነውር ነው። እኛ እዚህ ከክርስቲያኑ ጋር ስንኖር ወግ አለን። እነሱ ሲድሩ ለእኛ በእስላም እጅ ለብቻ ያሳርዱልናል፤ እኛም ስንድር ለእነሱ ለብቻ እናሳርዳለን። ማዕዱ ይለያያል እንጂ ዳሱ አንድ ነው። ና ወደ እኔ የሚል የለም። ልጅቷ እንደ ወጣች ይህንኑ ለዘይባ ነገርኋት።

«ባለጌ ናት» አልኋት።

«ባለጌስ አይደለችም። እስቲ አስቢው ፈቲሀ፤ እሷ እኮ እሳት ውስጥ የምገባ ይመስላታል። እንደዚያ እየመሰላት ዝም ብላኝ ብታልፍ አልቀየማትም?»

«ማን እሳት ገባ ደግሞ!»

«አልገባሁም፤ ኢንሻአላህ አልገባምም። ተሳስታለች። ግን ያን ሁሉ ፀሐይ የመጣችው ለእኔ አዝና ነው። ለእኔ አዝኖ የሚመጣ ስንት ሰው አለኝ?»

ሃይሚ በሚቀጥለውም ቅዳሜ መጣች፤ ከዚያም አላቋረጠች። ትሰብካለች፣ ዘይባ እምቢ ትላለች፣ ከዚያ ስለ ተማሪዎቿ ትነግረናለች። ዘይባ ዙሁር ልትሰግድ ስትነሳ ልጅቷ ድምፅዋን ታጠፋለች፤ ማንም አላስተማራትም። አንድ ቀን ልወጋት ብዬ «እኛስ ሸሃዳ ያዢ፣ እስላም ሁኚ ብንልሽ?» አልኋት። እጇን አቁማ አሰበችበት።

«ደስ የሚለኝ አይመስለኝም» አለች። ቀጥላም «ግን እሰማችኋለሁ» አለች።

እውነቱን ስለተናገረች ያን ቀን ትንሽ ወደድኋት። ለራሷ ግን አልነገርኋትም።

ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ መጥታ ሻርፗን አስራ ቁጭ አለች፤ ግን አንድ ቃል አልወጣትም። ስብከቱን እስክትጀምር ብንጠብቅ ዝም።

«ዛሬ ጌታሽ የት ሄደ?» አልኋት።

እንባዋ ሻርፑን አራሰው። ቀስ እያለች ነገረችን። አባቷ አቶ ገብረእግዚአብሔር ይባላሉ፤ ከሰሜን በመምህርነት ተመድበው መጥተው ቡኢ ቀሩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ፀጉሯን ሳይቀር የሚሠሯት እሳቸው ነበሩ። ኮሌጅ ሳለች ጴንጤ ሆነች። ቤት ስትመለስ ለማንም ከመናገሯ በፊት ለአባቷ ተናገረች፤ እሳቸውም ሁለተኛ ይህንን ቤቴ ውስጥ እንዳልሰማ አሏት። እሷ ደግሞ ዝም ማለት አልቻለችም። በመጨረሻ ውጪ አሏት። ከዚያ ወዲህ ስልኳን አያነሱም፣ ብታንኳኳም አይከፍቱም። አሁን ጎረቤት ደውላ አባትሽ እግራቸውን ታመዋል፣ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት ብላታለች።

«የባዳ በር ሲዘጋብኝ ምንም አይመስለኝም» አለች። «ለምጄዋለሁ። የሱን ግን መልመድ አቃተኝ። ሳያናግረኝ ቢሞትስ?»

ዘይባ ልጅቷ የቀነጠሰችውን በርበሬ ለብቻው ሰብስባ በፌስታል ቋጠረችው።

ማክሰኞ ማታ በር ላይ ይዛኝ «ነገ ቡኢ እንሄዳለን» አለችኝ።

«የማታውቂው ሰው ቤት? ሳይጠራሽ? እኛን ምን ያገባናል?»

«ምንም አያገባንም።»

«ነውር ነው ዘይባ!»

«ነውር ከሆነ አላህ ይቅር ይበለኝ።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለሽ፤ እሑድ አይሆንም?»

«ነገ ረቡዕ ነው፤ ይጾማሉ» አለችኝ። «ሌላ ቀን ከሄድን እንግዳ ናቸው ብለው ሥጋ ያቀርቡልናል። እኛ አንበላላቸውም። ማዕዳቸውን እምቢ ብዬ ስለ ልጃቸው ልለምናቸው ነው? ዓርብም ይጾማሉ፤ ግን ጁምዓ አለብኝ። ረቡዕ ያላቸው ሽሮ ነው፤ ሽሮ ደግሞ እንበላለን።»

 ሰው ቤት ሳይጠሩ መሄድ ነውር ነው ብዬ ስጮህ፣ እሷ የሰውየውን ማዕድ እንዳታሳፍር ቀን ስትመርጥ ሰንብታለች።

ጠዋት በሚኒባስ ሄድን። ቤቱን ጎረቤት አሳየችን። በሩን የከፈቱልን ጋቢ የለበሱ፣ በምርኩዝ የቆሙ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። ዘይባ ከነሻርፗ፣ ከነፌስታሏ ስትቆም አዩና «በርበሬ አልገዛም እናቴ» አሉ።

«አልሸጥም መምህር። እርስዎም አያውቁኝም። ይህን በርበሬ የቀነጠሰችው ልጅዎ ናት፤ ላድርስልዎ ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ፌስታሉን ተቀብለው ከፈት አድርገው አዩት። ከዚያ ግቡ አሉን። ግድግዳው ላይ የማርያም ሥዕል አለ፤ ከሥሩ የአንዲት ትንሽ ልጅ ፎቶ፣ ሁለት ጉንጉን የተሠራች፣ አንዱ ጉንጉን ከሌላው የወፈረ። ሽማግሌው በዚያ እግራቸው እያነከሱ ሽሮ አቀረቡ። «ጾም ነው፤ ሥጋ አልነካውም፣ አትስጉ» አሉን። በላን። ዘይባ ጨምሩልኝ ብላ በላች።

ከማዕድ ከተነሳን በኋላ ነው የተናገረችው። «ልጅዎ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ እየመጣች ሃይማኖትሽን ለውጪ ትለኛለች። አልለወጥሁም፣ አልለውጥምም። ግን በሬን አልዘጋሁባትም። እኔ ባዳ ነኝ መምህር። እርስዎ አባቷ ነዎት።»

«ለእርስዎ ቀላል ነው» አሉ ሽማግሌው።  «እኔ ነኝ አዝዬ ቅዳሴ የወሰድኋት። ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም። ያንን ሁሉ ጥላ ስትሄድ እኔን የጣለች ነው የመሰለኝ።»

«ያማል» አለች ዘይባ። «ሃፊዛ ልጄ እንዲህ ብታደርገኝ፣ ወላሂ፣ አልተኛም ነበር። ግን እየመጣች ብታናድደኝ ይሻለኛል፤ ቀርታብኝ ከማጣት።»

ሽማግሌው ተቆጡ። «የሰው ቤት ሳይጠሩ ገብቶ የሰው ልብ ልለውጥ ማለት! ይህንን ከየት ነው የተማሩት?»

«ከልጅዎ» አለች ዘይባ።

 ዘይባ ግቢዋ ቡታጅራ ገበያው ጀርባ መሆኑን ነግራቸው፣ አፉ ይበሉኝ አለችና ወጣን። በመንገድ ሙሉ «አስቀየምኋቸው፣ አበላሸሁት» እያለች አለቀች። እኔም አበላሽታዋለች ብዬ አሰብሁ፤ ግን «አብሽሪ» አልኋት።

ለሃይሚ ምንም አልነገርናትም። ቅዳሜ መጥታ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቁጭ አለች። እኔ ያ ዝምታዋ ስላልተመቸኝ «እስቲ ስለዚያ ወዳጅሽ ንገሪን፤ ጆሯችን ዛገ» አልኋት። ፈገግ ብላ ጀመረች። እየተናገረች ሳለ በሩ ተከፈተ። ምርኩዙን አየሁ፣ ጋቢውን አየሁ። ዘይባም አየች። የሁላችንም እጅ ቆመ። ልጅቷ ብቻ እየቀነጠሰች ስለ ጌታዋ ትናገራለች፣ ሽማግሌው በር ላይ ቆመው ይሰማሉ።

ከዚያ አስነጠሳቸው።

ሃይሚ ቃሏን መሃል ላይ አቆመች። አልዞረችም። አባቷን በአስነጣጠሳቸው ለየቻቸው፤ ለመዞር ግን ፈራች።

«ቀጥዪ» አሉ ሽማግሌው። «እሰማለሁ።»

 ዘይባ ተነስታ ሻርፕ አወረደች፣ በሽማግሌው አፍንጫ ላይ አዙራ አሰረችላቸው። «ቁጭ ካሉ ግን እየቀነጠሱ ነው መምህር» አለቻቸው። እግራቸውን ዘርግተው ልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ። አንድ በርበሬ አንስተው መሃሉ ላይ ሰበሩት። ሃይሚ ከእጃቸው ወስዳ ጫፉን ብቻ እንዴት እንደሚቀነጠስ አሳየቻቸው፤ ሁለተኛውን አቀበለቻቸው።

«እግርህን እንዴት ነህ አባዬ?» አለች።

«ይሻለኛል» አሉ። «ከስተሻል። እህል አትበዪም እንዴ?»

ሁለቱም አለቀሱ። በበርበሬው ማመካኘት ይቻል ነበር፤ ማንም አላመካኘም።

እሳቸው ጴንጤ አልሆኑም፣ እሷም ወደ ቅዳሴ አልተመለሰችም። ዘይባ ያው ዘይባ ናት፤ መስገጃዋ ገመዱ ላይ ነው። እኔም ሰው ግቢ ገብቶ መስበክ ነውር ነው ማለቴን አልተውሁም፤ ለሃይሚም ፊት ለፊት እነግራታለሁ። ግን ቅዳሜ ጠዋት፣ ገና በሩ ሳይንኳኳ፣ ሻርፑን ከሚስማሩ አውርጄ የማስቀምጥላት እኔ ነኝ። አሁን ሁለት ነው የማወርደው።