በሬውና የድፍን ጡብ ጭነት

እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቁት ቤተሰቦቹ ብቻ ናቸው፤ ለጡብ ፋብሪካው ሰው ሁሉ እሱ «በሬው» ነው። በከብት ስም ሲጠሩት ደረቱን የሚነፋ ሰው ምን ይባላል? እሱ ግን ነፋ። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ከትከሻው ሌላ ሀብት አልነበረውም።

ሥራው መግፋት ነው። ከምድጃው በር እስከ መጫኛው ግንብ በተዘረጋው ሃዲድ ላይ ጡብ የተጫነ ፉርጎ ይገፋል። መንገዱ አጋማሽ ላይ ነጭ ቀለም የተቀባ እንጨት ቆሟል። እዚያ ሲደርስ ይለቀዋል፤ ከዚያ ወዲያ ፉርጎው ብቻውን ይሮጣል። ጫፍ ላይ የሚቀበለው ታላቅ ወንድሙ ነው። መንኮራኩሩን በረጅም አጣና እየተጫነና እያፋጨ፣ ግንቡ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ያቆመዋል።

ሥራ ያስገባውም ይኸው ወንድሙ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ነጩን እንጨት እያሳየ መከረው።

«ስማኝ፣ በየእርምጃው የምትሰጠው ጉልበት የትም አይጠፋም፤ ፉርጎው ይዞት ይመጣል። አንተ በረጅም መንገድ ያጠራቀምከውን እኔ እዚህች አጭር ቦታ ላይ ጨርሼ ማውጣት አለብኝ። መንገዱ ባጠረ ቁጥር የሚበረታው በእኔ ክንድ ላይ ነው። እንጨቱን እንዳታልፍ።»

«እሺ ጋሼ» አለ።

ካቦው የሚያወድሰው ግን ገፊውን ብቻ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «በሬው ባይኖር ምን ይውጠን ነበር!» ይላል። አቋሚውን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ፉርጎ በሰላም ስለቆመ እስከ ዛሬ ያጨበጨበ ሰው የለም።

አንድ ጠዋት ድፍን ጡብ ታዘዘ። እስከዚያ ቀን የሚጫነው መሃሉ ባዶ የሆነ ባለ ቀዳዳ ጡብ ነበር። ከጎን ለሚያያቸው ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ሲጫኑ ግን ድፍኑ እጥፍ ሊከብድ ምንም አይቀረው። ጫፍ ላይ ለቆመው ሰው ማንም አልነገረውም። ካቦ ተብዬው ይህን ማሰብ የእሱ ሥራ መሆኑን እንኳ አላወቀም።

በሬው ትከሻውን ቢያስደግፍ ፉርጎው ንቅንቅ አልል አለ። በስንት መከራ ተነሥቶም ይንፏቀቃል። ነጩ እንጨት ጋ ሲደርሱ ገና አልሮጠም። መልቀቅ ነበረበት፤ ቀስ ብሎ ቢሄድ ማንን ይጎዳል? ወይም «ጋሼ፣ ዛሬ ከብዷል!» ብሎ መጮህ ነበረበት። ካቦው ግን ከበሩ ሆኖ ያየዋል።

«ምነው በሬው፣ አረጀህ እንዴ?»

ጫኞቹ ሳቁ። የበሬው ደም ፈላ። እንጨቱን አልፎ ገፋ፤ ፉርጎው እንደ ወትሮው እስኪሮጥ ድረስ ገፋና ለቀቀው።

ጉዱ የመጣው በዚሁ «እንደ ወትሮው» ነው። ፍጥነቱ የወትሮው ነበር፤ ክብደቱ ግን አልነበረም። ወንድሙ አመጣጡን በዓይኑ ለካና አጣናውን በለመደው ቦታ፣ በለመደው ጉልበት ተጫነ። ዓይን ፍጥነት እንጂ ክብደት አያይም። ሁልጊዜ የሚቆምበት ቦታ ላይ ፉርጎው አልቆመም፤ ገና ግማሽ ጉልበቱ አብሮት ነበር። አጣናው ተሰበረ። የቀረውን የተቀበለው በፉርጎውና በግንቡ መካከል የተገኘው የወንድሙ እግር ነው።

ፋብሪካው «የራሱ ጥንቃቄ ጉድለት» አለና እጁን ታጠበ። ካቦው ደግሞ የበሬውን ትከሻ መታ መታ አድርጎ «አይዞህ፣ አንተ ሥራህን ነው የሠራኸው» አለው። እንዲህ ያለ ማጽናኛ ለጠላትም አይስጥ።

ወንድሙ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀው።

«ከብዶህ ነበር?»

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ ምነው አልጮህክም?»

«አፈርኩ።»

ወንድሙ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ወዲህ የዚያን ቀን ነገር አንሥተው አያውቁም። በሬው ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ወንድሙ እንደ ድሮው እንዲያምነው።

እሁድ እሁድ በዊልቸር እየገፋ ፀሐይ ሊያሞቀው ያወጣዋል። አስፋልቱ ሜዳ ነው፤ ከስቶ አጥንቱ የቀረ ሰው ደግሞ ምን ክብደት አለው? ሆኖም ዊልቸሩ አልሄድ እያለ ላብ በላብ ያደርገዋል። ጎማው ተንፍሶ ይሆናል ብሎ ነፋው። ግራሶ ቀባው። ምንም ለውጥ የለም።

«ኧረ በሞትኩት፣ በሜዳ መንገድ እንዲህ ያላበህ ምን ነክቶህ ነው?» አለችው አንድ እሁድ የወንድሙ ሚስት፣ በር ላይ ቆማ።

እሱም ምን እንደሆነ አላወቀም ነበር። ጎንበስ ብሎ የወንድሙን ጉልበት የሸፈነውን ጋቢ ገለጥ አደረገ። የወንድሙ እጅ ፍሬኑን ጥርቅም አድርጎ ይዟል። ጎማው ተፋጭቶ ግሏል።

«ጋሼ፣ ፍሬኑን ልቀቀው እንጂ።»

ወንድሙ ዞር ብሎ አላየውም።

«አንተ ዝም ብለህ ግፋ» አለው። «እኔ እይዛለሁ።»

በሬው ጋቢውን መልሶ አለበሰውና መግፋቱን ቀጠለ።